ከደጃፉ ጽድ እስከ ክፍሉ ግድግዳ፦ የሕፃናት መማሪያ ክፍልን በሥነ ፍጥረት ስለ ማስጌጥ



ከሁለት ዓመት በፊት በታኅሣሥ ወር በደቡብ ጎንደር በአንዲት የወረዳ ከተማ ወደሚገኝ ደብር ለሥራ ሄጄ ነበር። ደብሩ ቀድሞ የእህል ማከማቻ የነበረችውን ክፍል ለሕፃናት መማሪያ እንድትሆን ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰጥቶ ስለ ነበር፣ ባዶ እጄን ላለመግባት ከአዲስ አበባ ስድስት ትልልቅ ባለ ቀለም ሥዕሎችን ገዝቼ ይዤ ሄድሁ። በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ነጭ ድብ፣ ቀይ ፖም የተንዠረገገበት ዛፍ፣ ቀንዱ እንደ ቅርንጫፍ የተዘረጋ የሩቅ አገር አጋዘን ነበሩባቸው። «የእግዚአብሔር ፍጥረት» የሚል ርእስም በኮምፒዩተር ጽፌ ከላያቸው ለጠፍሁ። ሕፃናቱ ደስ አላቸው፤ እኔም ደስ አለኝ።

የደብሩ መሪጌታ ገብተው ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ተመለከቱና ወደ ነጩ ድብ እያመለከቱ «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሕፃናቱ በአንድ ድምፅ «ድብ ነው፣ የኔታ!» አሉ። «የት አያችሁት?» «በቴሌቪዥን!» መሪጌታው ምንም ሳይናገሩ ወጡ፤ ከደጃፉ ካለው ዛፍ ሥር የወደቀች ትንሽ ቅርንጫፍ አንሥተው ተመለሱና «ይህችስ?» አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከፊት የተቀመጠች ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ እጇን አውጥታ «የገና ዛፍ ናት» አለች። ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ትክክል መስሏቸዋልና።

ስንወጣ መሪጌታው «ዲያቆን፣ ሕፃኗ አልተሳሳተችም። ጽድን ያወቀችው ተቆርጦ ነው» አሉኝ። በግቢው ምሥራቃዊ አጥር አጠገብ ከተተከሉት ወጣት ጽዶች የሦስቱ ጫፍ በዚያው ሳምንት በሌሊት ተቆርጦ እንደ ተወሰደ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚያ ደብርና ከሁለት ጎረቤት አጥቢያዎች ጋር የሠራነውን፣ የተሳሳትነውንም ጭምር፣ የሚያስረዳ ነው። የአንዲት ክፍል ግድግዳ ጉዳይ ለሰበካ ጉባኤ አጀንዳ ያነሰ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ዛሬ በዚያች ክፍል ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ሕፃናት ከሃያ ዓመት በኋላ ሰበካ ጉባኤውን ይረከባሉ። አዳራሽ ለመሥራት፣ መንገድ ለማስፋት ወይም የመቃብር ቦታ ለመጨመር የትኛው ዛፍ ይነሣ ተብሎ ሲመከር ድምፅ የሚሰጡት እነርሱ ናቸው። ስሙን እንኳ ለማያውቁት ዛፍ ሊከራከሩለት አይችሉም።

ለምን ከገዛ ግቢያችን

በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን የጥንቱ ደን ቅሬታ በብዛት የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ዙሪያ ነው። ይህን አባቶቻችን ሲጠብቁት የኖሩትን ሀብት በሳይንስ መንገድ ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። እርሳቸው ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር በሚገኙ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋትን መዝግበዋል። በሌላው ጥናታቸውም ከብት እንዳይገባበት በታጠረ ቦታ የዘር መብቀልና የችግኝ በሕይወት መቆየት ካልታጠረው እንደሚሻል አሳይተዋል። በዚህም ምክንያት ዙሪያቸው በድንጋይ ካብ የተከበረላቸው ደኖች አሉ። ካብ ከብትን ይከለክላል። በሌሊት መጋዝ ይዞ የሚመጣን ሰው ግን አይከለክልም፤ እርሱን የሚከለክለው በልጅነቱ የተማረው ነገር ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ይህን ትምህርት ከሌላ ቦታ መዋስ አያስፈልጋትም። በመስተብቍዑ ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ውኃና ስለ ምድር ፍሬ እንጸልያለን። ዓመቱን በአራት ወቅት ከፍለን ምስጋናውንና ምንባቡን እንደየወቅቱ እንለዋውጣለን። የስድስቱን ቀን ፍጥረት በአክሲማሮስ በዝርዝር እንማራለን። ጌታችንም በተራራው ስብከቱ ስለ መግቦቱ ሲያስተምር ያመለከተው ሰሚዎቹ በዐይናቸው ወደሚያዩአቸው የሰማይ ወፎችና የሜዳ አበቦች ነው፤ በሩቅ አገር ስላለ አውሬ አልተረከላቸውም። እኔ በዲፕሎማ ትምህርቴ ይህን ሁሉ ተምሬ ሳለ ስድስት የባዕድ አገር ሥዕሎችን ተሸክሜ መሄዴ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ነጩ ድብም የእግዚአብሔር ፍጥረት መሆኑን የካደ የለም። ሥዕሎቹንም አልጣልናቸውም፤ ከፍ ላሉት ልጆች ስለ ሩቅ አገሮች ሲማሩ እንዲያገለግሉ በመዝገብ ቤት ተቀምጠዋል። ጥያቄው ሕፃን መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው የትኛውን ነው የሚል ነው።

ከጌጡ በፊት

አስቀድሞ ክፍሉ ይጠገን። ይህን የምለው በሦስቱም አጥቢያዎች ሰው ሁሉ ወደ ቀለሙ ሲቸኩል ስላየሁ ነው። ጣራው የሚያፈስ ከሆነ፣ ከውጭ የሚወርደው የዝናም ውኃ ከግድግዳው ሥር የሚጠራቀም ከሆነ፣ የተለጠፈው ሁሉ ከክረምቱ በፊት ሻግቶ ይረግፋል። በአንደኛው አጥቢያ የደረሰው ይኸው ነው፤ ሐምሌ ሳያልቅ ከግድግዳው ግማሹ አረንጓዴ ሻጋታ ሆነ። ከዚያ በኋላ በጓሮው በኩል ውኃ መውረጃ ቦይ ተቆፈረ። መቆፈር የነበረበት ግን አስቀድሞ ነው።

ስንጥቁ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ከተመረገና በሚገባ ከደረቀ በኋላ ነጭ ኖራ መቀባት ይበቃል። ኖራው በወንፊት ተጠልሎ ጥቂት ጨው ቢገባበት ከግድግዳው ጋር ይበልጥ ይያያዛል። ኖራ ዐይንንና ቆዳን ስለሚያቃጥል ሕፃናት በሥራው ቀን በአካባቢው አይገኙ። የፋብሪካ ቀለም የሚገዛ ከሆነም እርሳስ የሌለበት መሆኑን ሻጩን ጠይቁ፤ በሕፃናት አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ ነውና።

ምሥራቃዊው ግድግዳ ለጸሎት ይተው። በዚያ ላይ ቅዱሳት ሥዕላት ከነመጋረጃቸው ይቀመጣሉ፤ ቅጠልም፣ የእንስሳ ሥዕልም፣ የፊደል ሰሌዳም አይጨመርበትም። ሕፃኑ ክፍሉ በሌላው ወገን ስለ ፍጥረት እንደሚያስተምረው፣ በዚህ ወገን ግን ወደ ፈጣሪው ፊቱን እንደሚመልስ ያለ ቃል ይረዳል። በዚህ ነገር ላይ ካህናቱ እንዳይለዝቡ እለምናለሁ፤ መምህራኑ በጎ ፈቃድ ይዘው ሥዕለ አድኅኖውን በወረቀት አበባና በአንጸባራቂ ክር ሊከቡት ሲሞክሩ አይቻለሁ።

ስለ ቁመትም አንድ ቃል ልናገር። የመጀመሪያውን ሥራ ስንሰቅል ሁላችንም ለራሳችን ዐይን በሚመች ልክ ሰቀልነው። በማግሥቱ ሕፃናቱ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ወደ ኋላ ሰብረው ሲመለከቱ አይተን ሁሉንም አወረድነው። ከወለሉ ከ60 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ያለው የግድግዳው ክፍል የሕፃናት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የእኛ ነው።

የስድስቱ ቀን ግድግዳ

በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት በስድስቱ ቀን የተፈጠሩት ፍጥረታት በ22 ይመደባሉ፤ እሑድ 8፣ ሰኞ 1፣ ማክሰኞ 3፣ ረቡዕ 3፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 4። ረጅሙን ግድግዳ በሰባት ዓምድ ከፍለን ለእያንዳንዱ ዕለት አንድ ዓምድ ሰጠን። ሥራው በአንድ ቀን የሚያልቅ ጌጥ አልሆነም፤ አንድ ዓምድ የሁለት ወይም የሦስት ሳምንት ትምህርት ሆነ። ሕፃናቱ የተማሩትን ራሳቸው ሠሩ እንጂ ሠዓሊ አልቀጠርንም።

ከሁሉ ያስቸገረን የእሑድ ዓምድ ነበር። አራቱ ባሕርያት፣ ሰማያት፣ መላእክት፣ ጨለማና ብርሃን ናቸው፤ ከእነዚህ የሚበዙት አይጨበጡም ወይም አይታዩም። መሬትን ከግቢው አፈር በሙጫ ለውሰን በካርቶን ላይ ቀባነው። ለውኃ በትንሽ የተከደነ ብርጭቆ ከደብሩ ምንጭ የተቀዳ ውኃ አኖርን። እሳትን ሕፃናቱ በቀይ አፈርና በእርድ ሣሉት። ለነፋስ መፍትሔውን ያገኘው የስምንት ዓመት ልጅ ነው፤ ከሆሳዕና የተረፈውን ሰሌን በቀጭኑ ሰንጥቆ በመስኮቱ አጠገብ ሰቀለው፤ መስኮቱ ሲከፈት ይንቀሳቀሳል። ጨለማ በከሰል የጠቆረ ወረቀት ሆነ። ብርሃን አልተሣለም፤ ዓምዱን የጀመርነው የጠዋት ፀሐይ ገብታ ከምታርፍበት ቦታ ስለ ሆነ በማለዳ ትምህርት ጊዜ ብርሃኑ ራሱ ይመጣል። መላእክትን ግን ሕፃናት በእርሳስ እንዲሞክሩ አልፈቀድንም፤ መሪጌታው ስማቸውን ብቻ በቀይና በጥቁር ቀለም በቁም ጽሕፈት ጻፉላቸው።

ሰኞ ቀላል ነው፤ ጠፈር አንድ ነውና በዓምዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ቀለም ተቀባ።

ማክሰኞ ደግሞ የሕፃናቱ ፍስሐ ሆነ። ሊቃውንቱ የዕለቱን ፍጥረት በእጅ የሚለቀም አትክልት፣ በማጭድ የሚታጨድ አዝርዕት፣ በምሳር የሚቆረጥ ዕፅዋት ብለው ሲከፍሉ ገበሬ የሆነ ሁሉ በሚያውቀው ቋንቋ ነው። ሕፃናቱ ከየቤታቸው የጤፍ፣ የገብስ፣ የኑግና የባቄላ ዛላ አመጡ፤ ከግቢው የወደቁ ቅጠሎችን ለቀሙ። ቅጠሉ በአሮጌ ጋዜጣ መካከል ተደርጎ ድንጋይ ይጫንበታል፤ ጋዜጣው በየሁለት ቀኑ ይለወጣል፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ደርቆ ጠፍጣፋ ይሆናል። በመጀመሪያ የለጠፍነው በዱቄት ሙጫ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አይጥ ሙጫውን ከነገብሱ በልቶት አደረ። ከዚያ ወዲህ በእንጨት ሠሪዎች ኮላ እንለጥፋለን፤ በግድግዳው ላይ የምናኖረው የተወቃ ገለባውን ብቻ ነው፤ እህሉ ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ ይቀመጣል።

በዚህ ዓምድ ላይ አንድ ሕግ አውጥተናል፤ ሕፃናቱም ከእኛ ይልቅ ይጠብቁታል። ወደ ክፍሉ የሚገባው የወደቀ እንጂ የተቆረጠ አይደለም። አንድ የሰበካ ጉባኤ አባል በበዓል ዋዜማ ክፍሉን ለማሳመር ብለው አንድ ሙሉ የወይራ ቅርንጫፍ ቆርጠው ቢያመጡ በር ላይ የመለሷቸው ሕፃናት ናቸው። እርሳቸውም በፈገግታ ተመለሱ።

ስለ መርዛም ዕፅዋት መምህራኑ አስቀድመው ይጠንቀቁ። የጉሎ ፍሬ ውብ ነው፤ ሕፃን ለጌጥ ሊለቅመው ይችላል፤ ቢበላው ግን ይጎዳዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። አስተናግርም እንዲሁ ነው። የቁልቋል ወተት ወደ ዐይን ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። እነዚህ ሦስቱ በክፍላችን በሥዕል እንጂ በአካል አይገቡም፤ ሕፃናቱም ለምን እንደማይገቡ ይማራሉ።

ረቡዕ ብዙ አያስቸግርም። በሐሙስ ዓምድ የጣናን አምባዛና ቆሮሶ፣ ይብራና ሌሎች የውኃ ወፎችን ሣሉ። በዓርብ በሬ፣ አህያ፣ በግ፣ ከግቢው ዛፍ ላይ የሚዘልሉት ጉሬዛና ጦጣ ተሣሉ። የዓርብ መጨረሻው ፍጥረት ሰው ነው፤ ለእርሱ መስተዋት እንስቀል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እኔ አልወደድሁትም፤ ሕፃናት ፊታቸውን ሲያጣምሙበት ይውላሉ እንጂ አይማሩበትም። በምትኩ እያንዳንዱ ሕፃን መዳፉን በቀይ አፈር ቀለም ነክሮ በዓምዱ ላይ አሻራውን አሳረፈ፤ ከሥሩ የክርስትና ስሙ ተጻፈ። አዳም በገነት የተቀመጠው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት መሆኑን መሪጌታው ያስተማሩት በእነዚያ መዳፎች ፊት ቆመው ነው።

የቅዳሜ ዓምድ ነጭ ኖራ ብቻ ነው። ጎብኚዎች ሁሉ «ይህን ለምን አልጨረሳችሁትም?» ይላሉ፤ አንድ በጎ አድራጊም የሚሞላበትን ትልቅ ሥዕል ሊገዙልን ጠይቀው ነበር። ሕፃናቱ ግን «ቅዳሜ ዕረፍት ነው» ብለው ይመልሳሉ። ዓምዱ ባዶ ሆኖ እንዲቆይ ሰበካ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ ወስኗል።

ስለ ቅዱሳንና ስለ እንስሳት የሚነገረውን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ቅዱስ ያሬድ ወደ ዛፍ ለመውጣት ደጋግማ ስትወድቅ ካያት ትል ትዕግሥትን መማሩን፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከአንበሶችና ከነብሮች ጋር መኖራቸውን፣ አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ወደ ደብረ ዳሞ መውጣታቸውን ሕፃናት እጅግ ይወዳሉ። ቅዱሳኑን መሣል ሥርዓቱን የተማረ ሠዓሊ ድርሻ ነው፤ ሕፃናቱ ትሏንና ዛፏን ይሣሉ። ትሏን በግቢው ውስጥ ፈልገው ካገኟት ደግሞ ትምህርቱ ከግድግዳው ይበልጣል።

የወቅቶቹ ጨርቅ

ከስድስቱ ቀን ግድግዳ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ በሁለት ችካል የሚሰቀል ሁለት ሜትር አቡጀዲ አለ። በአራት ጨርቆች ላይ አራቱን ወቅቶች ሕፃናቱ ሣሉ፤ ጨርቁም በየወቅቱ መግቢያ ከቅዳሴ በኋላ ይለወጣል። መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ ሐጋይ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። በመጸው ውስጥ እስከ ኅዳር 5 ባለው ዘመነ ጽጌ በጨርቁ ላይ አበባ ይጨመርበታል፤ የእመቤታችንና የልጇ ስደትም አብሮ ይነገራል። በክረምት ደመና፣ ዝናም፣ የሞላ ወንዝና በመሬት ውስጥ ያለ ዘር ይታያል። በሐጋይ አጨዳና ውቂያ ነው።

ይህ ሥራ ጥቂት ጨርቅና ጥቂት ትጋት ብቻ ይጠይቃል፤ ከሁሉ በላይ የጠቀመንም እርሱ ይመስለኛል። የማይለወጥ ግድግዳን ሕፃን በሦስተኛው ወር አያየውም፤ የሚለወጠውን ግን አስቀድሞ ይጠብቃል። የፕላስቲክ አበባን የማልመክረው በዚሁ ምክንያት ነው። አቧራ ይጠጣል፣ በፀሐይ ይነጣል፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ በሐጋይም በክረምትም አንድ ዓይነት ነው። ሕፃንን ወቅት እንዳለ ያስረሳዋል።

የግቢው ካርታ

በስተኋላ ያለውን ግድግዳ ለመጨረሻ ያቆየሁት ዋናው ስለ ሆነ ነው። ሕፃናቱ በሁለት ሰንበት ከቄሰ ገበዙና ከሁለት አረጋውያን ጋር ግቢውን ዞሩ። ቤተ መቅደሱን፣ ቤተ ልሔሙን፣ ምንጩን፣ በሮቹን በሰፊ ካርቶን ላይ አሰፈሩ። ከዚያም እያንዳንዱን ትልቅ ዛፍ በቦታው ሣሉ፣ ከሥሩም ስሙን ጻፉ፤ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ እሸ፣ በአጥሩ ዳር አጋምና ቀጋ።

ስም ብቻ አልበቃም። ቄሰ ገበዙ ሕፃናቱን ወደ ዕቃ ቤት አስገብተው ከየትኛው ዛፍ ምን እንደተገኘ አሳዩአቸው። ከበሮው ከዋንዛ ነው። የአባቶች መቋሚያ ከወይራ ነው። መዝጊያውና ምሰሶው ጽድ ነው። መሪጌታው የሚጽፉበት ብዕር ከመቃ የተቀረጸ ነው። ለበዓል የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ከምንጩ በታች ካለው ረግረግ ይመጣል። የዚያን ዕለት አንድ ልጅ ከበሮውን ታቅፎ ጆሮውን ከእንጨቱ ጋር አጣብቆ ሲያዳምጥ አየሁት፤ ምን እንደ ሰማ አልጠየቅሁትም።

በካርታው ላይ ስሙ ያልተጻፈ አንድ ዛፍ አለ። ከቤተ መቅደሱ በስተ ሰሜን የቆመ ትልቅ ዛፍ ነው፤ ቄሰ ገበዙም አረጋውያኑም በስሙ አልተስማሙም። አንደኛው አንድ ስም፣ ሌላው ሌላ ስም አሉት፤ ስሙን በትክክል ያውቁ የነበሩት አባት ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። በሥዕሉ ሥር ያለው ወረቀት ባዶውን ተለጥፏል። በየአጥቢያችሁ እንዲህ ያሉ ዛፎች እንዳሉ አልጠራጠርም፤ የሚያውቋቸው አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ካርታውን መሥራት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ከአባቶች የሚነሣው ጥያቄ

በየስብሰባው የሚነሣው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ሕንፃው ሳያልቅ ለሕፃናት ግድግዳ ወጪ ማውጣት ተገቢ ነውን? ለኖራ፣ ለኮላ፣ ለአቡጀዲና ለጥቂት ቀለም የወጣው ሁሉ ተደምሮ እኔ ለስድስቱ ሥዕሎች ከከፈልሁት ያነሰ ነበር። ሌላው ሁሉ ከግቢው ተለቀመ። ጊዜ ግን ጠይቋል፤ አንድ ጽኑ መምህር ወይም መምህርት በየሰንበቱ ካልተገኙ ሥራው በሁለተኛው ወር ይቆማል። በሦስተኛው አጥቢያ የሆነው ይኸው ነው፤ እስከ ሰኞ ደርሶ ቆሟል።

ሌላው ጥያቄ ከበድ ይላል። አንድ አባት በስብሰባ ላይ «ሕፃናቱን ዛፍ አትቁረጡ ብለን እያስተማርን እኛ ለአዳራሹ አራት ዝግባ ልንቆርጥ ወስነናል፤ ምን እንበላቸው?» ብለው ጠየቁ። ለጊዜው መልስ የሰጠ አልነበረም። ውሳኔው በሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና ታየ፤ አዳራሹ ወደ ምዕራብ ስምንት ሜትር ተገፍቶ ሦስቱ ዝግባዎች ተረፉ፣ አንዱ ተቆረጠ። በተቆረጠው ቦታ ላይ ሕፃናቱ በካርታው ላይ የከሰል ምልክት አደረጉ። አንዳንድ አባላት ምልክቱ እንዲነሣ ፈልገው ነበር፤ መሪጌታው እንዲቆይ አሉ። እኔም የመሪጌታውን ሐሳብ እደግፋለሁ። ሕፃን እውነት የሚነገርበትን ግድግዳ ያምናል።

የጽዶቹም ነገር ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። ባለፈው ታኅሣሥ የአንዲት ጽድ ጫፍ እንደገና ተቆርጧል፤ እርሷም በካርታው ላይ የከሰል ምልክት አላት። ይሁን እንጂ ከክፍሉ ሕፃናት ብዙዎቹ ለልደት በዓል ቤታቸውን ያስጌጡት ከካርቶንና ከሰሌን በሠሩት ጌጥ ነው። ያቺ ልጅም፣ አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ታናናሾቿን በካርታው ፊት ስታስጎበኝ ከጽዱ ትጀምራለች።

ይህ ዕትም ሲደርሳችሁ ዘመነ ጸደይ ነው። መጀመር የምትፈልጉ አጥቢያዎች ከዝናሙ በፊት ጣራውንና ቦዩን ተመልከቱ፤ ግቢውን ከአረጋውያን ጋር መዞሩም መንገዱ ሳይጨቀይ ቢሆን ይሻላል። የቅጠል ማድረቁ ሥራ በግንቦት ይመቻል፤ በሐምሌ እርጥበቱ ያበላሸዋል። ለሰኔ 26 የሚሰቀለው የክረምት ጨርቅ አንድ ሰንበት ተኩል ይበቃዋል፤ ደመናውን ለመቀባት ከከሰልና ከኖራ የተለየ ቀለም አያስፈልግም፤ ኖራውን ግን በውኃ የሚያረካውም የሚቀባውም ትልቅ ሰው ይሁን፤ ሕፃናቱ በከሰሉ ይሣሉ።